ደሴ ላይ ርካሽ የስፖርት መኪና ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ቀብድ ከመክፈል በፊት የሚሠራ ሥራ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር ርቀት መንገዱ ሐረጎ ላይ እየተጠማዘዘ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። መኪና የሚወድ ሰው እዚህ አድጎ የስፖርት መኪና አላማረኝም ቢል አላምነውም። ስለዚህ «ተው ይቅርብህ» የሚል ምክር እዚህ አታገኙም። የሚያስቸግረው አብዛኛው ሰው መኪናውን በዓይኑ ገዝቶ ሒሳቡን በኋላ መሥራቱ ነው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ሒሳቡን ያስቀድማል።

ርካሽ የስፖርት መኪና ስል እንደ ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ ቶዮታ ጂቲ 86 እና መንትያው ሱባሩ ቢአርዜድ፣ የድሮው ቶዮታ ሴሊካ፣ ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት፣ ጎልፍ ጂቲአይ ያሉትን ነው። ቪትዝ አርኤስንም እጨምራለሁ፤ የሚስቅ ይሳቅ። «ርካሽ» የሚለው ቃል ደግሞ የጃፓን ወይም የአውሮፓ ዋጋቸውን ነው የሚመለከተው። እኛ ዘንድ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌና ትልልቅ ሞተር ባላቸው መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መንግሥት መከልከሉን አሳወቀ። እንግዲህ የምትመርጡት አገር ውስጥ ቀድመው ከገቡት ነው። ይህ ነገር በሁለት በኩል ይቆርጣል፦ አዲስ ስለማይገባ መኪናው ዋጋውን በቀላሉ አይጥልም፤ ነገር ግን የምታገኙት መኪና አሮጌ፣ ሁለትና ሦስት እጅ ያለፈ፣ መለዋወጫውም በመከራ የሚገኝ ሊሆን ይችላል።

1. ማን እንደሚሳፈርበት ጻፉ

ያለፈውን አንድ ወር አስቡና መኪና ቢኖራችሁ ኖሮ ማንን ወዴት ታደርሱ እንደነበር ወረቀት ላይ አስፍሩ። የወሎ ሰው መኪና የብቻው አይደለም። ለቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ አረፋና መውሊድ አለ፣ ሐይቅ ወይም ኩታበር ያለች አክስት አለች። «ልጄ፣ እስቲ ሐኪም ቤት አድርሰኝ» ያለችን እናት «ወንበሩ ሁለት ብቻ ነው» ማለት አይቻልም። ብትቀመጥም ችግሩ መግባቱ ላይ ነው፤ የኤምኤክስ-5 ወንበር መሬት ላይ የመቀመጥ ያህል ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ገብቶ መውጣት ያቅተዋል። የጂቲ 86 የኋላ ወንበር ስሙ ወንበር ይሁን እንጂ ለአዋቂ አይሆንም፤ ዕቃ ማስቀመጫ ብላችሁ ቁጠሩት። ለሰርግ አከራየዋለሁ የሚል ሐሳብ ካላችሁም ሙሽሪት ገብታ ሚዜዎቹ ቆመው እንደሚቀሩ ልብ በሉ።

ወረቀቱ ላይ ከሁለት ሰው በላይ የተጻፈባቸው ቀናት ከበዙ ባለ ሁለት ወንበሩን እርሱት። ስዊፍት ስፖርትና ጎልፍ ጂቲአይ እንደማንኛውም መኪና ከኋላም ሰው ይጭናሉ። ይህን ማወቅ ብቻውን ግማሹን ውሳኔ ይጨርሳል።

2. የፈረስ ጉልበቱን ወደ ደሴ ቀይሩት

ሻጭ የሚነግራችሁ የፈረስ ጉልበት የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ (አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል ብላችሁ ብታሰሉ ከእውነቱ ብዙ አትርቁም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ያው መኪና ኮምቦልቻ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ሊያጣ ጥቂት ይቀረዋል፤ ደሴ ሲደርስ ሩቡ የለም።

አሁን ሁለት መኪና እናወዳድር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጂቲ 86 ባለ 2 ሊትር ሞተር ነው፤ 200 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ክብደቱ 1,250 ኪሎ ገደማ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ፣ ማለትም ባሕር ጠለል ላይ፣ እያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት 6.2 ኪሎ ያህል ይጎትታል። ደሴ ላይ 150 ጉልበት ይቀረውና ሸክሙ 8.3 ኪሎ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣችው ስዊፍት ስፖርት ደግሞ ባለ 1.4 ሊትር ቱርቦ ናት፤ 140 የፈረስ ጉልበት፣ 970 ኪሎ ገደማ። ጅቡቲ ላይ ሸክሟ 6.9 ኪሎ ነው፤ በጂቲ 86 ትበለጣለች። ቱርቦ ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ያን ያህል አይጎዳትም። 10 በመቶ አጣች ብንል እንኳ 126 ይቀራትና ሸክሟ 7.7 ኪሎ ይሆናል። ወደብ ላይ የተበለጠችው ትንሿ መኪና ደሴ ሆጤ ላይ በላጭ ሆነች ማለት ነው።

የምታዩትን መኪና ሁሉ በዚሁ መንገድ አስሉ፦ ቱርቦ የሌለው ከሆነ ጉልበቱን በ0.75 አባዙ፣ ከዚያ ክብደቱን ለውጤቱ አካፍሉ። 110 ያህል ጉልበት ያላት ባለ 1.5 ሊትር ቪትዝ አርኤስ 80 ገደማ ይዛ ትቀራለች። ይህን ካያችሁ በኋላ «ፈጣን» ለሚባል ነገር ምን ያህል ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል እንዳለባችሁ ራሳችሁ ፍረዱ።

እኔን የሚገርመኝ ሰው ለጉልበት ከፍሎ ጥቅሙን ከጉልበቱ መጠበቁ ነው። ቀላልና ዝቅ ያለ መኪና ደስታው ኩርባ ላይ ነው፦ መሪው ወዲያው ይታዘዛል፣ መኪናው አይንገዳገድም፣ ፍሬኑ በአጭሩ ይይዛል። ይህን ለማግኘት ሐረጎ ላይ በሰዓት 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ እንዳትሄዱ የሚያደርግ ምክንያትም ሞልቷል፦ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ መጥቶ ወደ ደሴ የሚወጣ ከባድ መኪና፣ ፍሬቻ የማያሳይ ባጃጅ፣ ከብት፣ ክረምት ላይ አፍንጫ ሥር እስኪደርስ የሚወርድ ጉም።

ስለ ቤንዚንም አንድ ነገር። የጂቲ 86 ሞተር አየሩን 12.5 እጥፍ ስለሚጨምቅ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው፣ ማለትም ሲጨመቅ ያለ ጊዜው የማይቀጣጠል፣ ቤንዚን ይፈልጋል። ደሴ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር የማንኳኳት (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው የመቀጣጠል) ዕድሉ ይቀንሳል፤ ከፍታው የሚክሰን እዚህ ላይ ብቻ ነው። ወደ ባቲና ወደ ሚሌ ቆላ ስትወርዱ ግን ችግሩ ይመለሳል፤ ቱርቦ ያለው ሞተር ደግሞ ከመጀመሪያውም በዚህ ብዙም አይጠቀምም። ነዳጅ ሲጠፋ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ለእንዲህ ያለ ሞተር አታስነኩ፤ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት እንደሆነ በዓይን አይለይም። ማደያ ላይ ቆሞ ወረፋ መጠበቅ የማይሆንለት ሰው ከአሁኑ ቢያውቀው ይሻላል።

3. መንገዱን በእንጨት ለኩ

ይህን ሥራ መኪናውን ሳታዩ መሥራት ትችላላችሁ፤ ወጪውም አንድ ጣውላ ነው።

ከነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ከመሬት ያላቸው ከፍታ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሰው ሲቀመጥና ታንከሩ ሲሞላ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላሉ እንበል፤ 11 ቀረ። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ጂቲ 86 ላይ 2.57 ሜትር ነው። ስለዚህ 2.57 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ አምጡና በሁለቱም ጫፍ 11 ሴንቲ ሜትር የሆነ እግር ምቱበት፤ ረጅም ዝቅ ያለ አግዳሚ ወንበር መሰለ። አሁን ሰፈራችሁ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ውሰዱትና አንዱን እግር በዚህ፣ ሌላውን በዚያ በኩል አድርጋችሁ አሻግሩት። የጣውላው ሆድ ጉብታውን ከነካ መኪናውም ይነካል፤ የሚነካው ደግሞ ማርሚታው ወይም የሞተሩ ዘይት መያዣ ነው። ከዚያ የግቢያችሁን በር፣ ቦዩን የተሻገረውን ድልድይ፣ ኮብልስቶኑ ከአስፋልት የሚገናኝበትን ጠርዝ ሁሉ እንዲሁ ፈትሹ። ጎረቤት «ምን ነካው» ሊል ይችላል፤ ይበል።

ጣውላው የፊት ባምፐሩን አይነግራችሁም። ለዚያ መኪናውን ስታዩ ከፊት ጎማው እስከ ባምፐሩ ጫፍ ያለውን ርዝመትና የባምፐሩን ታችኛ ጠርዝ ከፍታ ለክታችሁ፣ ግቢያችሁ መግቢያ ላይ ካለው ዳገት ጋር አወዳድሩ። ደሴ ተራራ ሥር የተሠራች ከተማ ናት፤ ብዙ ግቢ ከአስፋልቱ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የምትኖሩ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ።

ጎማውም ሌላ ጣጣ ነው። ጂቲ 86 ብዙ ጊዜ የሚያደርገው 215/45 አር 17 ነው፤ ከመንገዱ እስከ ቸርኬው ያለው የጎማ ግድግዳ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። የስዊፍት ስፖርት 195/45 አር 17 ደግሞ 9 እንኳ አይሞላም። ጉድጓድ ስትገቡ የሚመታው ቸርኬው ነው። ጎሚስታ ቤት ሄዳችሁ ይህ ቁጥር ከነዋጋው ስንት ቀን ውስጥ እንደሚገኝ ጠይቁ። እንደ ቪትዝ ባለ 14 ቸርኬ መኪና ላይ ይህ ጥያቄ መልሱ «አሁኑኑ» ነው።

4. መኪናውን ሳታዩ መለዋወጫውን ፈልጉ

የሚከተሉትን ጽፋችሁ ለሁለት የመለዋወጫ ሱቅና ለምታምኑት መካኒክ ስጡ፦ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ሾክ አብዞርበር፣ ራዲያተር፣ ካንዴላ፣ የፊት መብራት፣ የፊት ባምፐር። ከእያንዳንዱ ጎን ዋጋና ቀን አስሞሉ። እዚሁ ደሴ «ፒያሳ አለ» የተባለው ጥሩ፤ «ከአዲስ አበባ ይመጣል» የተባለው ያስኬዳል፤ «ሰው ከዱባይ ያመጣል» የተባለው ሁለት ከሆነ መኪናው በዓመት ውስጥ ለወራት ግቢ ሊቆም እንደሚችል ቁጠሩ።

ሚስጥሩ ከተራ መኪና ጋር ሞተር የሚጋራ መምረጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 የተሠራው የመጨረሻው ሴሊካ፣ ጉልበቱ ከፍ ያለውን ዓይነት ትተን፣ የያዘው ባለ 1.8 ሞተር ኮሮላ ላይም የተገጠመው ነው። የቪትዝ አርኤስ 1.5 ሞተርም ያሪስና ኮሮላ ላይ አለ። ደሴ ውስጥ ይህን ያልፈታ ጋራዥ ፈልጋችሁ አታገኙም። የሴሊካው የመጀመሪያ ዓመታት ሞተር ግን ዘይት በመብላት ስሙ የጠፋ ነው፤ አስነሥታችሁ ጋዝ ስትሰጡ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ተሰናበቱት።

ጂቲ 86 በዚህ መመዘኛ ይወድቃል። የያዘው የሱባሩ ሞተር ሲሊንደሮቹ ወደ ጎን የተኙ ናቸው፤ ካንዴላ ለመቀየር እንኳ ከጎን ባለ ጠባብ ቦታ እጅ ማስገባት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቫልቭ ሞላ ችግር ተገኝቶባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መኪኖች በዓለም ዙሪያ ለጥገና ተጠርተዋል፤ ያን ሥራ ለመሥራት ሞተሩ መውረድ ነበረበት። እኛ አገር የገባው ተሠርቶለት ይሁን አይሁን ሻጩን በማስረጃ ጠይቁት።

5. በሐረጎ ፈትኑት

ደላላው «ፒያሳን አንድ ዙር ዙር» ይላችኋል። ያ ፈተና አይደለም። መካኒካችሁን አስቀምጣችሁ ከኮምቦልቻ ደሴ ውጡ፤ ትንሽ ቆማችሁ ተመለሱ። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው።

ዳገቱን ስትወጡ ዓይናችሁ የሙቀት መለኪያው ላይ ይሁን። ደሴ ላይ ክዳን የሌለው ውሃ በ91 ወይም 92 ዲግሪ ይፈላል፤ ሞተሩ ከዚያ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚሠራው ራዲያተሩ በክዳኑ ታምቆ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ቆላ ላይ ሳይታወቅ ደጋ ላይ ያጋልጣል። መርፌው መሐሉን አልፎ ከወጣ አቁሙ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍታችሁ ውሃው ላይ ዘይት መሳይ ቡናማ ነገር ካያችሁ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሄዷል።

ቁልቁለቱን በሦስተኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬኑን ግን በየኩርባው ተጠቀሙበት። ታች ስትደርሱ ፔዳሉ ከነበረበት ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ የፍሬኑ ዘይት ውሃ ጠጥቷል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከገባው ይህ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሐረጎን የሚወርድ መኪና ላይ ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው። የጎማውን ቸርኬ በእጅ አትንኩ፤ ጠጋ ብላችሁ አሽትቱ። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከሸተተ ያ ፍሬን ተጣብቋል።

መሪውንም መርምሩ። የጃፓን መኪና ከሆነ በቀኝ መሪ ወጥቶ በኋላ ወደ ግራ የተቀየረ ሊሆን ይችላል። ዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ አብርታችሁ የብየዳ ምልክት፣ በቀኝ በኩል የተደፈነ ቀዳዳ፣ ከፋብሪካ ያልመጣ መገጣጠሚያ ፈልጉ። ቪትዝ ላይ ሰው ይህን ለምዶታል። በኩርባ ላይ ለመደሰት በሚገዛ መኪና ላይ ግን የተቀየረ መሪ እኔ አልገዛም፤ የሚሸጥላችሁ ነገር መሪው ራሱ ነውና።

6. ወረቀቱ

ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መግጠሙን በዓይናችሁ እዩ። ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ወረቀቱን) ጠይቁ፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም። የባንክ እግድ እንደሌለበት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ። ቦሎው የዘንድሮ መሆኑንም እዩ።

7. የዓመቱን ሒሳብ ሥሩ

ደሴ ኖሮ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው በቀን 50፣ በሳምንት 250 ኪሎ ሜትር ይነዳል። በ50 የሥራ ሳምንት 12,500 ኪሎ ሜትር ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር የምትጠጣ መኪና 750 ሊትር፣ 9 ሊትር የምትጠጣ 1,125 ሊትር ትፈልጋለች። ልዩነቱን 375 ሊትር በዕለቱ ዋጋ አባዙት፤ ለደስታው በዓመት የምትከፍሉት የመጀመሪያው ክፍያ ይህ ነው። ላዩ ላይ በተራ ቁጥር 4 የጠየቃችሁትን የፍሬን ሸራ አንድ ጊዜ፣ የጎማዎቹን ዋጋ ግማሽ፣ ሰርቪሱን ጨምሩ።

ኢንሹራንስ ላይ ሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው። ሙሉውን ስትገቡ የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ የሚያድን ይመስላል፤ ሲጋጭ ግን ድርጅቱ ካሳውንም በዚያው መጠን ሊቀንሰው ይችላል። 2 ሚሊዮን የሚያወጣን መኪና በ1 ሚሊዮን ካስመዘገባችሁ የ200 ሺህ ጉዳት ሲደርስ 100 ሺህ ሊደርሳችሁ ነው። መኪና በየዓመቱ ዋጋው እየናረ ባለበት አገር የአምናው ግምት ዘንድሮ አይሠራምና በየዕድሳቱ አስተካክሉት።

ድምሩ ከዓመት ገቢያችሁ ጋር ሲተያይ ቤተሰብ የማያስቀይም ከሆነ ቀጥሉ።

8. ከነዚህ ሁሉ በኋላ የትኛው?

ለደሴ ሰው የእኔ ምርጫ ቱርቦዋ ስዊፍት ስፖርት ናት፤ ከተገኘች። ሰው ትጭናለች፣ ከፍታው አይበግራትም፣ ጠባብ መንገድ ላይ ትዞራለች። የቱርቦ ሞተሯ እንደ ሱዙኪ ዲዛየር ሞተር በየሱቁ የሚገኝ ባለመሆኑ ግን ተራ ቁጥር 4ን አትዝለሉ። እጅ ላይ ያለው ገንዘብ ትንሽ ከሆነ በእጅ ማርሽ የሆነች ቪትዝ አርኤስ ገዝቶ የተረፈውን ጥሩ ጎማና ፍሬን ላይ ማዋል ከደከመ ጂቲ 86 ይሻላል። ኤምኤክስ-5 ሌላ መኪና ቤት ላለው፣ ኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው ነው፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ ጣሪያውን ከፍቶ ወደ ሐይቅ ለመሄድ የሚያህለው የለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ከተጀመረ ወዲህ ከ1 ሚሊዮን በላይ የተሠራውም በከንቱ አይደለም።

የኤሌክትሪክ መኪናስ የሚል ይኖራል። ሞተሩ አየር ስለማይስብ ከፍታው ጉልበቱን አይነካውም፤ ሐረጎን ሲወርድም ይሞላል። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ 2.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይለቃል፤ ሁሉም ባይሆን የተወሰነው ወደ ባትሪው ይመለሳል። ግን ክብደቱ ኩርባ ላይ ይሰማል፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈርም ማታ መሙላት ዋስትና የለውም። የቤታችሁን መስመር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳያየው አትወስኑ።

ገዝታችሁ ከሆነ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ይህ ነው፦ የፍሬን ዘይት፣ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የራዲያተር ክዳን ይቀየር። ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) ካለው አውርዳችሁ እዩት፤ አንዳንዶቹ ከነጭራሹ ስለሌላቸው ጎማ መጠገኛና ፓምፕ ያዙ። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2319 የሚል ከሆነ ጎማው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ይህን ቁጥር እንዲያውም ዋጋ ስትነጋገሩ ብታነሡት ይሻላል፤ ጥርሱ ያላለቀ ግን ያረጀ ጎማ ዝናብ ላይ አይይዝምና የአራት አዲስ ጎማ ዋጋ ከመኪናው ላይ ይቀነስ በሉ።